ቆጣሪው ሰዓትና መካሪው ሰው

ከአራት ኪሎ ተነሥቶ በአምስት ኪሎ በኩል ወደ ስድስት ኪሎ የሚወጣው መንገድ ለእኛ ለተማሪዎችና ለመምህራን የዘወትር መንገዳችን ነው። የሠፈሮቹ ስም ራሱ ርቀት ይቆጥራል፤ «ኪሎ» የሚለው ቃል ከኪሎ ሜትር ተቆርጦ የቀረ መሆኑ ይነገራል። በ1954 ዓ.ም. የገነተ ልዑል ቤተ መንግሥት ለዩኒቨርሲቲው ከተሰጠበት ጊዜ አንሥቶ ስንት ትውልድ ተማሪ ይህን ዳገት በእግሩ እንደወጣው የቆጠረ የለም። ዛሬ ግን ቆጣሪ መጥቷል። ከየካቲት 12 ሐውልት አጠገብ ቆም ብሎ የእጅ ሰዓቱን ወይም ስልኩን እያየ «ዛሬ ስንት እርምጃ ሄድኩ?» ብሎ የሚጠይቅ ወጣት ማየት እንግዳ ነገር መሆኑ ቀርቷል።

ይህ በጎ ምልክት ነው። ይሁን እንጂ አብሮት የመጣ አንድ የተሳሳተ እምነት አለ። ይኸውም ጤንነት በገንዘብ ተገዝቶ በእጅ ላይ የሚታሰር ነገር ነው፤ ሰዓቱን ያልገዛ ስፖርት አልጀመረም የሚል ነው። በዚህ ጽሑፍ የምንከራከረው ይህን እምነት ነው። መሣሪያው ይጠቅማል፤ ነገር ግን ሰውን ከመቀመጫው አስነሥቶ ለዓመታት የሚያራምደው ቁጥሩ ብቻውን አይደለም። ቁጥሩን የሚተረጉም፣ ዕቅድ የሚያወጣና በደከመን ጊዜ የሚያበረታታ መካሪ ያስፈልጋል። ለአገራችን ተማሪ ደግሞ መካሪው ከሰዓቱ ይልቅ ቅርብም ርካሽም ነው።

አሥር ሺሕ እርምጃ ከየት መጣ?

ብዙዎቹ መሣሪያዎች «በቀን 10,000 እርምጃ» የሚል ግብ ይዘው ይሸጣሉ። የዚህ ቁጥር ታሪክ ለእኛ ሩቅ አይደለም። በጥቅምት ወር 1957 ዓ.ም. (እ.ኤ.አ. 1964) የኦሎምፒክ ጨዋታ በቶኪዮ ሲካሄድ የማራቶኑ አሸናፊ አበበ ቢቂላ ነበር። የትርፍ አንጀት ቀዶ ሕክምና ካደረገ ከአንድ ወር ጥቂት በለጥ ባለ ጊዜ ውስጥ ተነሥቶ፣ በ2 ሰዓት ከ12 ደቂቃ ከ11 ሰከንድ በመግባት የኦሎምፒክ ማራቶንን ሁለት ጊዜ በማሸነፍ የመጀመሪያው ሰው ሆነ። ከዚያ ኦሎምፒክ በኋላ በጃፓን ሕዝብ ዘንድ የስፖርት ፍላጎት በተቀሰቀሰበት ወቅት፣ እ.ኤ.አ. በ1965 ያማሳ የተባለ ኩባንያ በወገብ ላይ የሚንጠለጠል የእርምጃ መቁጠሪያ ለገበያ አቀረበ። ስሙንም «ማንፖ ኬይ» አለው፤ ትርጉሙ «የአሥር ሺሕ እርምጃ መለኪያ» ማለት ነው። ቁጥሩ በሕክምና ምርምር ተፈትኖ የተገኘ ሳይሆን ለማስታወስና ለማስታወቂያ የሚመች ሆኖ የተመረጠ ነበር።

ሳይንሱ የመጣው ከብዙ ዘመን በኋላ ነው። እ.ኤ.አ. በ2019 በአሜሪካ የታተመና አማካይ ዕድሜያቸው 72 ዓመት የሆነ ከ16,000 በላይ ሴቶችን የተከታተለ ጥናት፣ በቀን 4,400 ያህል እርምጃ የሚሄዱት 2,700 ያህል ብቻ ከሚሄዱት ይልቅ የመሞት ዕድላቸው በጥናቱ ዘመን በግልጽ ያነሰ መሆኑን አሳየ። ጥቅሙ እየጨመረ ሄዶ በ7,500 እርምጃ ገደማ ረጋ። እ.ኤ.አ. በ2025 ብዙ ጥናቶችን በአንድነት የመረመረ ሌላ ሥራ ደግሞ በቀን 7,000 እርምጃ የሚሄዱ አዋቂዎችን 2,000 ከሚሄዱት ጋር አነጻጽሮ የመሞት ዕድላቸው በ47 በመቶ ያነሰ ሆኖ አግኝቶታል። እዚህ ላይ ተማሪ ሊዘነጋው የማይገባ ጥንቃቄ አለ። እነዚህ ጥናቶች ሰዎችን የሚከታተሉ እንጂ ሙከራ የሚያደርጉ አይደሉም። ጤነኛ ሰው ብዙ መራመዱ እንደማይቀር ሁሉ፣ የታመመ ሰውም ጥቂት ይራመዳል፤ ስለዚህ ልዩነቱ ሁሉ ከእርምጃው ብቻ የመጣ ነው ማለት አይቻልም። ቢሆንም ዋናው ትምህርት ግልጽ ነው፤ ትልቁን ጥቅም የሚያገኘው ከምንም ተነሥቶ ጥቂት የጀመረው ሰው ነው። 10,000 አልሞላሁም ብሎ ተስፋ መቁረጥ ከአንድ የንግድ ስም ጋር መጣላት ነው።

ሒሳቡን በራሳችን መንገድ እንሥራው። የአንድ ሰው እርምጃ በአማካይ 70 ሳንቲ ሜትር ቢሆን አንድ ኪሎ ሜትር 1,430 ያህል እርምጃ ይሆናል፤ 7,000 እርምጃም ከአምስት ኪሎ ሜትር አይበልጥም። ከስድስት ኪሎ ግቢ ወደ አራት ኪሎ ግቢ ለትምህርት ወርዶ የሚመለስና በየግቢው ውስጥ ከክፍል ወደ ቤተ መጻሕፍት፣ ከቤተ መጻሕፍት ወደ ምግብ አዳራሽ የሚመላለስ ተማሪ፣ ታክሲውን ከተወ ሰዓት ሳይገዛ የዕለቱን ድርሻ ወደ መሙላት ይቀርባል።

መሣሪያው እንዴት ይቆጥራል?

በሰዓቱም ሆነ በስልኩ ውስጥ አክስለሮሜትር የተባለ፣ በሲሊከን ላይ የተሠራ ጥቃቅን መሣሪያ አለ። በውስጡ በቀጫጭን ስፕሪንጎች የተያዘች ቅንጣት ክብደት ትገኛለች። ሰውነታችን ሲንቀሳቀስ ቅንጣቷ ወዲያና ወዲህ ትላለች፤ ከአጠገቧ ካሉት ሳህኖች ጋር ያላት ርቀት ሲለወጥም የኤሌክትሪክ ካፓሲታንሱ ይለወጣል። ይህ ለውጥ በሰከንድ በርካታ ጊዜ እየተመዘገበ ማዕበል የመሰለ መስመር ይሠራል። ኮምፒውተሩ የእርምጃን ምት የሚመስሉትን ጫፎች እየለየ ይቆጥራል። እንግዲህ መሣሪያው የሚቆጥረው እርምጃን ሳይሆን እርምጃ የሚመስል እንቅስቃሴን ነው። ልብስ በእጅ የሚያጥብ ሰው ሳይራመድ ሊቆጠርለት፣ እጁን በጋሪ ላይ አሳርፎ የሚገፋ ሰው ደግሞ እየተራመደ ሳይቆጠርለት ሊቀር ይችላል።

የልብ ምት የሚለካው ከሰዓቱ ጀርባ በሚወጣ አረንጓዴ ብርሃን ነው። ደም አረንጓዴ ብርሃንን ይውጣል፤ ልብ በመታ ቁጥር በቆዳ ሥር ያለው ደም ስለሚጨምር ተንጸባርቆ የሚመለሰው ብርሃን ይቀንሳል። ይህ መለኪያ በተረጋጋ ሰው ላይ ደህና ነው፤ እጅ ሲወዛወዝ ግን ይሳሳታል። ከሁሉ የሚያጠራጥረው «ይህን ያህል ካሎሪ አቃጥለሃል» የሚለው ነው። በስታንፎርድ ዩኒቨርሲቲ እ.ኤ.አ. በ2017 ሰባት የእጅ መሣሪያዎች በ60 ፈቃደኞች ላይ ሲመረመሩ ስድስቱ የልብ ምትን ከ5 በመቶ ባነሰ ስሕተት ለኩ፤ በካሎሪ ግን ከሁሉ የተሻለው እንኳ በአማካይ 27 በመቶ ስቶ ተገኘ። በሰዓቱ የካሎሪ ቁጥር ተማምኖ ምሳውን የሚመትር ሰው በተበላሸ ሚዛን እንደሚገበይ ነው።

ይህን አንባቢ ራሱ ሊፈትነው ይችላል። በአፉ እየቆጠረ 500 እርምጃ ይሂድ፤ ስልኩን መጀመሪያ በኪሱ፣ ቀጥሎ በእጁ፣ ከዚያም በቦርሳው አድርጎ ሦስት ሦስት ጊዜ ይድገመውና ልዩነቱን ይመዝግብ። ማንኛውንም መለኪያ ከማመን በፊት ስሕተቱን ማወቅ የሳይንስ የመጀመሪያ ትምህርት ነው።

ቁጥር ብቻውን ያራምዳልን?

ለመሣሪያው የሚመሰክሩ ማስረጃዎች አሉ። እ.ኤ.አ. በ2007 የታተመና 26 ጥናቶችን ያጠቃለለ ምርመራ፣ ተራ የእርምጃ መቁጠሪያ የያዙ ሰዎች ከነበሩበት በ27 በመቶ ያህል እንቅስቃሴያቸውን እንደጨመሩ አሳይቷል። ሆኖም ለውጡን ካመጡት ነገሮች ዋናው የተወሰነ ግብ መኖሩ ነበር፤ ግብ ያልተሰጣቸው ሰዎች ያን ያህል አልጨመሩም። እ.ኤ.አ. በ2022 የወጣ ሰፊ ግምገማም ዘመናዊዎቹ መሣሪያዎች በቀን 1,800 ያህል እርምጃ እንደሚያስጨምሩ ገልጿል። ይህን መካድ አይገባም።

ሌላውን ገጽ ስናይ ግን ነገሩ ይለወጣል። በአሜሪካ ፒትስበርግ ከ18 እስከ 35 ዓመት ዕድሜ ያላቸው 471 ወጣቶች በዕጣ ተከፍለው ለሁለት ዓመት ተጠኑ። ሁሉም የምግብና የእንቅስቃሴ ምክር ተሰጥቷቸው ነበር። ከስድስት ወር በኋላ ግማሾቹ የሚለበስ መሣሪያ ተጨመረላቸው፤ ሌሎቹ እንቅስቃሴያቸውን ራሳቸው እየመዘገቡ ቀጠሉ። እ.ኤ.አ. በ2016 ይፋ የሆነው ውጤት ያልተጠበቀ ነበር፤ መሣሪያ የያዙት በአማካይ 3.5 ኪሎ ሲቀንሱ ያልያዙት 5.9 ኪሎ ቀንሰዋል። በዚያው ዓመት የታተመ የሲንጋፖር ጥናት ደግሞ 800 ሠራተኞችን መረመረ። ለተራመዱበት ገንዘብ የተከፈላቸው ሰዎች ክፍያው እስካለ ድረስ ተራመዱ፤ ክፍያው በቆመ በስድስት ወር ግን ያገኙት ጭማሪ ጠፋ። መሣሪያውን እስከ ዓመቱ መጨረሻ ሲጠቀሙ የተገኙትም ከአሥሩ አንዱ ያህል ብቻ ነበሩ።

ለራሳችን ሐሳብ የማይመቸውን ማስረጃም መሸሸግ የለብንም። በለንደን ከ45 እስከ 75 ዓመት ዕድሜ ያላቸው ከ1,000 በላይ ሰዎች በሦስት ተከፈሉ። አንደኛው ወገን ምንም አልተሰጠውም፤ ሁለተኛው የእርምጃ መቁጠሪያ፣ የመመዝገቢያ ደብተርና የ12 ሳምንት ዕቅድ በፖስታ ተላከለት፤ ሦስተኛው ይህንኑ ከነርስ ምክር ጋር አገኘ። በሦስተኛው ወር ነርስ ያማከረቻቸው በልጠው ታዩ። በዓመቱ ግን ሁለቱ እኩል ሆኑ፤ ምንም ካልተሰጣቸው ይልቅ በቀን 650 ያህል እርምጃ ጨምረው ተገኙ። ከሦስት ዓመት በኋላም ጭማሪው አልጠፋም። «እንግዲያስ መካሪ አያስፈልግም» የሚል ሰው ይኖራል። እኛ የምናነበው በሌላ መንገድ ነው። በፖስታ የተላከው ባዶ ቆጣሪ አልነበረም፤ ከየት እንደሚጀመር፣ በየሳምንቱ ምን ያህል እንደሚጨመርና እንዴት እንደሚመዘገብ የሚያስረዳ ዕቅድ አብሮት ነበር። ይህ በወረቀት ላይ የሰፈረ የመካሪ ቃል ነው። ጥናቱ የሚነግረን ምክር የግድ ውድ መሆን እንደሌለበት ነው፤ ይህም ለእንደኛ ዓይነቱ አገር ታላቅ የምሥራች ነው።

ሰዓቱ የማያየው

ከስድስት ኪሎ ወደ ሰሜን ስንወጣ ሽሮ ሜዳን አልፈን እንጦጦ እንደርሳለን። ከዚያ ዳገት የባሕር ዛፍ እንጨት በጀርባቸው ተሸክመው የሚወርዱትን እናቶች የማያውቅ የአዲስ አበባ ልጅ የለም። በአንዲቱ እጅ ላይ ሰዓት ብናስርላት 12,000 እርምጃ ቆጥሮ «እንኳን ደስ ያለሽ፣ ግብሽን አልፈሻል» ይላት ነበር። ሸክሙን አያይም፤ ወገቧን አያይም፤ ቁርስ መብላቷን አይጠይቅም። የእርሷ ችግር የእንቅስቃሴ ማነስ አይደለም፤ የዕረፍትና የገቢ ማነስ ነው። ለእርሷም፣ ቀኑን ሙሉ ለሚቀመጥ ተማሪም ያው አንድ ቁጥር መልካም ሊሆን አይችልም።

ሁለተኛው ምሳሌ ከፍታ ነው። አዲስ አበባ ከባሕር ጠለል በላይ ከ2,300 ሜትር ይበልጣል። ከአፋር ወይም ከጋምቤላ ቆላ የመጣ አዲስ ተማሪ በመጀመሪያዎቹ ሳምንታት ያንኑ መንገድ ሲሄድ ልቡ ከለመደው ይበልጥ ይመታል፤ አየሩ ስስ በመሆኑ አካሉ ኦክስጅን ለማዳረስ ይተጋል። ሰዓቱ ግን «ከፍተኛ ልብ ምት» የሚለው 220 ሲቀነስ ዕድሜ በሚል የቆየ ቀመር ሊሆን ይችላል፤ ይህም ቀመር በአንድ ሰው ላይ ከ10 ምት በላይ ሊስት የሚችል ነው። መካሪ ቢኖረው «አይዞህ፣ እስክትለምደው ቀስ በል፤ እየሄድክ መነጋገር ከቻልክ ልኩ ነው» ይለው ነበር። በተሽከርካሪ ወንበር ለሚንቀሳቀሰው ወንድማችንማ «እርምጃ» የሚለው መለኪያ ራሱ አይሠራም።

ሦስተኛው ጉዳይ ምስጢር ነው። የምንሄድበትን መንገድና የምንተኛበትን ሰዓት መሣሪያው ወደ ሩቅ አገር ኮምፒውተር ይልካል። እ.ኤ.አ. በ2017 ስትራቫ የተባለው ኩባንያ ተጠቃሚዎቹ የሮጡባቸውን መንገዶች በካርታ አሳይቶ ባወጣ ጊዜ የጦር ሠፈሮች ቅርጽ ሳይቀር ተገልጦ ታይቷል። ወታደርን ያጋለጠ ካርታ፣ ማለዳ ብቻዋን የምትሮጥን ተማሪ መንገድም ሊያጋልጥ ይችላል።

ልምዳችን የአሠልጣኝ ልምድ ነው

ኢትዮጵያ በሩጫ ስሟ የተጠራው ሰዓቱ የልብ ምት ከመቁጠሩ በፊት ነው። አበበ ቢቂላን ያሠለጠነው ስዊድናዊው ኦኒ ኒስካነን ነበር። ዶክተር ወልደመስቀል ኮስትሬ ከእነ ደራርቱ ቱሉና ኃይሌ ገብረ ሥላሴ ጋር ሲሠሩ፣ በቆጂ ላይ ደግሞ አሠልጣኝ ስንታየሁ እሸቱ እነ ደራርቱን፣ ቀነኒሳ በቀለንና ጥሩነሽ ዲባባን ገና በልጅነታቸው ሲያዩ፣ በእጃቸው የነበረው መለኪያ ከሰዓትና ከፉጨት ብዙም አይዘልም ነበር። ስንታየሁ የትምህርት ቤት መምህር እንደነበሩ ልብ ይሏል። የሩጫ ሠፈር የሚባለው የበቆጂ ዝና የተጀመረው ልጆቹን በስማቸው ከሚያውቅ መምህር ነው።

«እነዚህ ጀግኖች ናቸው፤ እኛ ተራ ሰዎች ነን» ሊባል ይችላል። ነገር ግን በእንጦጦ ጫካና በሱሉልታ ሜዳ ማለዳ የሚሮጡትን የተመለከተ ሰው የሚያየው ጥበብ ለተራውም ሰው የሚሆን ነው። ሯጮቻችን በተርታ ይሄዳሉ፤ የኋለኛው የፊተኛውን እግር ይከተላል፤ መሪነቱም በየተራ ይለዋወጣል። ማንም ብቻውን አይደክምም። በ1994 ዓ.ም. 10,000 ሰዎችን ይዞ የተጀመረው ታላቁ ሩጫ በኢትዮጵያ በኋላ ከ40,000 በላይ ሕዝብ ያሰባሰበው፣ በ2011 ዓ.ም. «መንገድ ለሰው» በሚል መሪ ቃል መንገዶች ለመኪና ተዘግተው ለእግረኛ ሲከፈቱ ሕዝቡ የወጣው፣ በሰዓት ማስጠንቀቂያ ተጠርቶ አይደለም። ጎረቤቱ ስለወጣ ወጣ።

ምን እናድርግ?

ጉዳዩ የቅንጦት አይደለም። በ2007 ዓ.ም. በመላ አገሪቱ ከ15 እስከ 69 ዓመት ዕድሜ ባላቸው ሰዎች ላይ በተደረገ ጥናት ከመቶ 16 ያህሉ ከፍተኛ የደም ግፊት ተገኝቶባቸዋል። የዓለም ጤና ድርጅት ለአዋቂዎች በሳምንት ከ150 እስከ 300 ደቂቃ፣ ለተማሪ ልጆች በቀን 60 ደቂቃ እንቅስቃሴ ያዝዛል፤ በዓለም ላይ ካሉ ጎረምሶች ከአሥሩ ስምንቱ ይህን እንደማያሟሉም ይናገራል። በገጠር እየተመላለሰ የተማረ ልጅ ዩኒቨርሲቲ ገብቶ በአራት ዓመት ውስጥ ከወንበር ጋር ሲወዳጅ ዝም ብለን ማየት አይገባንም። በበኩላችን የምናቀርበው ሐሳብ የሚከተለው ነው።

በመጀመሪያ፣ በስልካችን ያለውን ቆጣሪ ለአንድ ሳምንት ምንም ሳንለውጥ እንመልከተው፤ የተነሣንበትን ሳያውቁ ግብ ማውጣት አይቻልም። ስልኩ የማይቆጥር ሰው ደቂቃ ይቁጠር። ሁለተኛ፣ በለንደኑ ጥናት እንደተደረገው በነበርንበት ላይ መጀመሪያ 1,500፣ በኋላም 3,000 እርምጃ በ12 ሳምንት ውስጥ ቀስ በቀስ እንጨምር፤ 3,000 እርምጃ የግማሽ ሰዓት ፈጣን ጉዞ ነው። ቀስ በቀስ እንቁላል በእግሩ ይሄዳል የሚለው የአባቶች አባባል ለዚህ የተነገረ ይመስላል። ሦስተኛ፣ የስፖርት ሳይንስ ተማሪዎች እያንዳንዳቸው አሥር አሥር ተማሪ ይዘው በሳምንት ሁለት ቀን ከስድስት ኪሎ እንዲመሩ፣ ይህም እንደ ተግባር ትምህርት እንዲቆጠርላቸው ዩኒቨርሲቲዎች ይፍቀዱ። ቡድኑ ማለዳም ሆነ ማታ ብቻዋን መውጣት ለምትሰጋ ተማሪ ጥበቃ ነው፤ መራመድ ለማይችለውም የሚስማማውን እንቅስቃሴ የሚያስብለት ሰው ይኖረዋል። በሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤቶችም የሰውነት ማጎልመሻ መምህራን ይህንኑ በአንድ ደብተርና በአንድ ሰዓት ሊጀምሩት ይችላሉ። አራተኛ፣ የሚመዘገበው ቁጥር የባለቤቱ ይሁን፤ ማንም ሳይፈቅድ አይለጠፍ፣ ለፈተና ነጥብም አይዋል። የሲንጋፖሩ ጥናት እንዳሳየን በክፍያ የተራመደ ክፍያው ሲቆም ይቀመጣል።

ሰዓት ያለው ሰው ሰዓቱን ይጠቀምበት፤ እኛም አንነቅፈውም። ነገር ግን ሰዓቱ በባትሪ ይሠራል፤ ባትሪው ባለቀ ማግስትም «ዛሬ ለምን ቀረህ?» ብሎ በር የሚያንኳኳ አይደለም። ያን የሚያደርገው በጎረቤት መኝታ ክፍል የሚኖረው ጓደኛችን ነው። ስለዚህ አንባቢ ይህን መጽሔት አጥፎ ሲያስቀምጥ በመጀመሪያ የሚያደርገው ነገር መሣሪያ ማፈላለግ አይሁን። ነገ ጠዋት አብሮት ወደ ሽሮ ሜዳ ዳገት የሚወጣ አንድ ሰው ይፈልግ።